ጎምዜን ያልቀመሱት ኦቦ ከድር

ኦቦ ከድር ማረፋቸውን የነገሩኝ ጋሽ በቀለ ናቸው፤ በስልክ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ተላላኪው መጥቶ "ከሰበታ ይፈልጉሻል" አለኝ። ጋሽ በቀለ ስልክ ሲያናግሩ ድምፃቸው በሽቦው ሳይሆን በአየር የሚደርስ ይመስል ይጮኻሉ። "አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሄዱ" አሉኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኩም። "ትናንት ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። እነሱ እንደሆኑ አያሳድሩም" አሉ። ይህን ሲሉ ግን አልጮኹም።

ስልኩን አስቀምጬ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ማልቀሱን አለቀስኩ፤ ግን ከለቅሶው በፊት ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ለመናገርም ያሳፍራል። እፎይ ነው ያልኩት። ሰው ሞተ ሲባል እፎይ የምትል ምን ዓይነት ልጅ ናት ብዬ ራሴን ታዘብኩ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ኦቦ ከድር በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ ነግሬያቸዋለሁ። ለትንሽ ሳልነግራቸው ቀርቼ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሰበታ ባለ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካ ይባል እንጂ አንድ መጭመቂያ፣ በርሜሎች የተደረደሩበት ቀዝቃዛ ምድር ቤት፣ ከግቢው ጀርባ ደግሞ እስከ ወንዙ የሚወርድ የወይን እርሻ ነበር። የእኔ ሥራ ላቦራቶሪ በሚሏት አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ስኳርና አሲድ መለካት ነው። አዲስ ወይን ጠጅ በሚቀመስበት ቀን ደግሞ ከቀማሾቹ አጠገብ ተቀምጬ የቅምሻውን መዝገብ እጽፋለሁ። ቡራዩ ከወላጆቼ ጋር ስለምኖር በየጠዋቱ በአውቶቡስ አዲስ አበባ እገባና እንደገና በሌላ አውቶቡስ በጅማ መንገድ እወጣለሁ።

ያኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን ሳላወጣ ነው አራት ዓመት የጨረስኩት። ጋሽ በቀለ ይህን ቶሎ አወቁብኝ። የምድር ቤቱ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቀልደኛ ሰው። "ዶክተሯ ዛሬ አንድ ቃል ተናግራለች፤ ዝናብ ይመጣል" እያሉ ሠራተኛውን ያስቁብኛል። ክፋት የለባቸውም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቴ እንደጋለ እውላለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከየረድፉ አንዳንድ ዘለላ ቆርጬ እንዳመጣ ወደ እርሻው ላኩኝ። ጫማዬን አስወልውዬ የመጣሁበት ቀን ነበር። ከታች፣ ወንዙ አጠገብ፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ አገኘሁ፤ ነጭ ቆብ አድርገው አሮጌ የጣሊያን ወታደር ካፖርት ለብሰዋል። የእያንዳንዱን ግንድ አንገት በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ያልፋሉ። እናት የልጇን ግንባር ትኩሳት እንዳለው ለማወቅ እንደምትነካው ነው።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ" አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም በአማርኛ ደህና እንዳደርኩ መለስኩላቸው።

"ምን ልትወስጂ መጣሽ?"

"ልለካው ነው። ስኳሩን።"

"በምን?"

የመስታወት መለኪያዬን አሳየኋቸው። ተቀብለው ወደ ፀሐይ አንስተው አዩትና በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። "ቆንጆ ነው። አሁን ደግሞ በአፍሽ ለኪው።"

አንድ ፍሬ ቀጥፈው ሰጡኝ። ከነልጣጩ እንዳኝከው፣ ዘሩን ሳልውጥ እንድሰብረው ነገሩኝ። አደረግኩ።

"ምን አለሽ?"

"መረረኝ።"

"እንትፍ በይውና ቀለሙን ንገሪኝ።"

ሽማግሌ ፊት እንትፍ ማለት አፈርኩ። ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ቆዩልኝ። እጄ ላይ የተፋሁት ዘር አረንጓዴ ነበር። ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ገና ነው። የቡና ቀለም ሲይዝ ትመጫለሽ። ያኔ ገብስ ቆሎ የበላሽ ይመስልሻል። መለኪያሽ ስኳሩን ይነግርሻል፤ ዘሩ ግን ልጅቷ ለጋብቻ መድረሷን ይነግርሻል።" ይህን ብለው ደነገጡ፤ ያፈርኩ መስሏቸው። "ስለ ወይኗ ነው የማወራው" አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ሰበታ ከገባሁ የሳቅኩት ያን ቀን ነበር መጀመሪያ።

ያቺ ወይን ጎምዜ ናት። ስሙን ያወጡላት የመጭመቂያው ሠራተኞች ናቸው፤ ጎምዛዛ ለማለት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ የለም። ድሮ እርሻውን ያቀና አንድ ጣሊያን ነበር አሉ። ሲሄድ ስም ያልተጻፈበት አንድ እስር የወይን ቅርንጫፍ አጥር ሥር ጥሎ ሄደ። ኦቦ ከድር ያን ጊዜ ጎልማሳ ናቸው፤ ከጣሊያኑ ሥር ሆነው መግረዝ ተምረዋል። የተጣለውን አንስተው ማንም በማይፈልገው ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ተከሉት። ከላይ ያሉት ወይኖች ጥሩውን አፈር ይዘው፣ ጥሩውን ሽቦ ይዘው፣ በጊዜ ደርሰው ይወደሳሉ። ጎምዜ ቀስ ብላ ትደርሳለች፤ ልጣጯ ወፍራም ነው፤ ወፍ አይደፍራትም፤ ያለጊዜው ዝናብ የላይኞቹን ሲያበሰብስ እሷ ትተርፋለች። ኦቦ ከድር ይህን ለሰሚው ሁሉ ይናገራሉ። ሰሚ ግን አልነበራቸውም።

ምክንያቱም ኦቦ ከድር ወይን ጠጅ አይጠጡም። ሙስሊም ናቸው፤ አምስት ሰላታቸውን በእርሻው መካከል ጆንያ አንጥፈው ይሰግዳሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ወይን ሲያሳድጉ አንድ ጠብታ ወይን ጠጅ ከንፈራቸውን አልነካም። ከመስጊድ ሲወጡ አንዳንዱ "ከድር፣ የሰካራም ገበሬ!" እያለ ይጎነትላቸው ነበር። "እኔ የማሳድገው ፍሬ ነው። ከእኔ እጅ ሲወጣ ፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያደርገውን ሰው ይጠየቅበት" ይላሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ጋሽ በቀለ ይጎነትሏቸዋል። "ኦቦ ከድር፣ ሙሽራይቱን ሳያዩ ነው እኮ ሽማግሌ የሚልኩት!" ኦቦ ከድር መቀሳቸውን እያንቀጫቀጩ "የሙሽራይቱን እናትና አባት አውቃለሁ፤ ይበቃኛል" ብለው ያልፋሉ።

ጥር መጨረሻ ላይ እውነትም ዘሩ የቡና ቀለም ያዘ። የእሷ ልቅመት የተጀመረው ከተጂ በመጡ የቀን ሠራተኞች ነው። ኦቦ ከድር ታኅሣሥ ላይ ለላይኞቹ ረድፎች "ቶሎ ቶሎ" ይሉ ነበር። ጎምዜ ጋ ሲደርሱ ግን ከጣሊያኑ የቀረቻቸውን ቃል ያወጣሉ፤ "ፒያኖ፣ ፒያኖ"። ቀስ በሉ ማለት ነው። እኔም አብሬ ለቀምኩ። አንድ ዘለላ ከእጄ አምልጦ አፈር ላይ ሲወድቅ ጎንበስ ብለው አነሱት፤ አቧራውን በካፖርታቸው ጫፍ ጠርገው ቅርጫቴ ውስጥ አስቀመጡልኝ። አልተናገሩኝም።

አሁን ስለ ቅምሻው ልንገር፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ነውና።

የላይኞቹ ረድፎች ታኅሣሥ ላይ ስለሚለቀሙ ወይን ጠጃቸው የሚቀመሰው ከጥምቀት በኋላ ነው። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ጥብስ ይቀርባል፤ ሳቅና ጨዋታ አለ፤ መዝገቡ ላይም "መልካም"፣ "እጅግ መልካም" ይጻፋል። የጎምዜ ወይን ጠጅ ግን መጋቢት ገደማ ካልሆነ አይጠራም። መጋቢት ደግሞ ሁዳዴ ነው። ቀማሾቹ ሦስት ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰይፉ፣ ጋሽ በቀለና የሽያጩ ክፍል ኃላፊ። ሦስቱም ጿሚዎች ናቸው። ጋሽ በቀለ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው "ለእንጀራህ ከሆነ ቅመስ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግን እንዳይሆን" ተብለዋል። ስለዚህ የጎምዜ ቅምሻ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ ያልነካው አፍ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

እኔ በተገኘሁበት ቅምሻ የሽያጩ ኃላፊ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው ሆዳቸውን ያዙ። ጋሽ በቀለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ወይ አምላኬ! ይሄ ወይን ጠጅ ነው ወይስ የባትሪ ውሃ?" አሉ። አቶ ሰይፉ እንድቀምስ ሰጡኝ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ ሆዴን እንደ መርፌ ወጋኝ።

"እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው ነው" አሉ አቶ ሰይፉ። "ጻፊ። ጎምዛዛ፤ ለገበያ አይሆንም። ይህን ሁሉ ዓመት ታገሥን። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ይነቀልና በላይኛው ዓይነት ይተካ።"

ጻፍኩ። ከታችም ፈረምኩ። የእኔ የራሴ ሚዛን አሲዷ ከፍ ያለ ቢሆንም ቀለሟም ጥንካሬዋም ከላይኞቹ እንደሚበልጥ አሳይቶኝ ነበር። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላወጣሁትም።

በማግስቱ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ኦቦ ከድር ሥራቸውን አላቆሙም።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው የቀመሳችሁት?" አሉኝ።

"በዘጠኝ ሰዓት።"

"ከምን ጋር?"

"ከምንም ጋር። ጾም ነን እኮ፣ ኦቦ ከድር።"

መቀሱን አስቀመጡ። "በባዶ ሆድ?"

"አዎ።"

"አምናስ?"

"አምናም መጋቢት ነው። ሁልጊዜ መጋቢት ነው።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለመሳቅ ሞከሩ፤ አልወጣላቸውም። "እኛ ሮመዳን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ በሎሚ እናፈጥራለን እንዴ? በተምር ነው። ከዚያ ሾርባ፤ ከዚያ ሥጋው፤ ሎሚው ሥጋው ላይ ይመጣል። ያኔ ሎሚ የሌለው ምግብ ምን ይጣፍጣል? ያንኑ ሎሚ መጀመሪያ በባዶ ሆድ ብትሰጪኝ እኔም 'ንቀሉት' እላለሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ሂጂና ንገሪያቸው።"

"እኔ?"

"እኔ ብነግራቸው 'አንተ ቀምሰህ ታውቃለህ?' ነው የሚሉኝ። ደግሞም እውነታቸውን ነው። አንቺ ተምረሻል፤ ትቀምሻለሽ፤ ትጽፊያለሽ።"

"እሺ" አልኩ።

አልነገርኩም። ሁለት ጊዜ እስከ አቶ ሰይፉ በር ድረስ ሄድኩ። አንዱን ጊዜ ተመለስኩ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ገብቼ ቀለም እንዳለቀብኝ ተናግሬ ወጣሁ። ኦቦ ከድር ከዚያ በኋላ ስንገናኝ አንድም ቀን "ነገርሻቸው?" ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። "አካም ቡልቴ" ይሉኛል እንደወትሮው፤ የግንዶቹን አንገት ይነካካሉ። ሊነቀሉ ቀን የተቆረጠላቸውን ግንዶች ለሚመጣው ዓመት አስተካክለው ያስሩ ነበር።

ለፋሲካ ለሠራተኛው ሁለት ሁለት ጠርሙስ ይታደላል። ለአለቆች የላይኛው ረድፍ፤ ለእኛ ለትንንሾቹ ምልክት ያልተለጠፈበት ጠርሙስ። ያ ጎምዜ ነው። ቤት ወስጄ ጥግ አስቀመጥኩት። አባቴ ወይን ጠጅ የቁርባን ነገር እንጂ የገበታ ነገር አይመስለውም፤ ጠላ ወዳድ ነው። ያን ዓመት ግን የእናቴ ጠላ ሳይሆን ቀረ። ዶሮው ቀርቦ አባቴ በባዶ ብርጭቆው ወደ ጥጉ ጠቆመኝ።

"ከመሥሪያ ቤትሽ ያመጣሽውን እስቲ ክፈቺው።"

"አባዬ ተወው፤ እሱ ጥሩ አይደለም። ይጎመዝዛል።"

"ክፈቺው አልኩሽ እኮ።"

ቀዳሁለት። ከዶሮው አንድ ጉርሻ፣ ከብርጭቆው አንድ ጉንጭ። ማኘኩን አቆመ። አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እንደገና ጎረሰ፣ እንደገና ጠጣ፣ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው።

"ይህን ነው ጎምዛዛ ያላችሁት?"

"አዎ።"

"ማነው ያለው?"

እናቴ "እስቲ ለእኔም" አለች። ዶሮውን በሱሉልታ ቅቤ ነበር የሠራችው፤ ቅቤ ስታበዛ እጇ አይታወቃትም። ቀምሳ "ውይ፣ ቅባቱን ቆረጠልኝ!" አለች። በመጨረሻ እኔ ጠጣሁ።

ያ በመጋቢት የወጋኝ መርፌ እዚያው ነበር፤ ግን አሁን የሚሠራው ሥራ አግኝቷል። ቅቤውን ከምላሴ ላይ አነሳልኝ፤ የበርበሬውን እሳት አለዘበው፤ ከሥሩ ደግሞ ጠቆር ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጣፋጭ ነገር ቀረ። ሁለተኛው ጉርሻ ከመጀመሪያው የበለጠ ጣፈጠኝ። ኦቦ ከድር ትክክል ነበሩ። ሳይቀምሱ አውቀዋል፤ እኔ ቀምሼ አላወቅኩም። ከዚያም ባሰ፣ ፈርሜያለሁ።

ማክሰኞ ሥራ እንደገባሁ መዝገቡን አወጣሁ። የጎምዜን ገጾች አንድ በአንድ ገለጥኩ። መጋቢት፤ መጋቢት፤ የካቲት መጨረሻ፤ መጋቢት። አንድም ቀን ከሁዳዴ ውጪ ተቀምሳ አታውቅም። ቀኖቹን በወረቀት ገለበጥኩ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዞር ጀመር። አንደበቴን አውቀዋለሁ፤ አቶ ሰይፉ ፊት ቆሜ "ሦስታችሁም ተሳስታችኋል፤ እኔም አብሬ ተሳስቻለሁ" የሚል አንደበት የለኝም። ቅዳሜ ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

"መናገር ካቃተሽ አብዪያቸዋ" አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ በነጠላ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ከታች እንጀራ፣ ከመሃል ዶሮ፣ ከላይ እንቁላል። የሰበታው አውቶቡስ ሳይሞላ ሽታው ሞላው።

"እህቴ፣ ዶሮ ነው እንዴ የያዝሽው? በዓሉ እኮ አለፈ!" አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው።

"ምን አገባህ፣ እጮኛዋ ዘንድ እየሄደች ነው" አለችው አንዲት ሴትዮ።

"እንዲህ ካበላችው ሠርጉ ሩቅ አይደለም!"

አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ምሳ ዕቃውን አቅፌ ሰበታ ደረስኩ። በግቢው በር ስገባ ዶማ የያዙ የተጂ ሠራተኞች ወደ ወንዙ ሲወርዱ አየሁ። ኦቦ ከድር ከፊት ይመሩ ነበር። የሚነቅሉት ራሳቸው እንዲሆኑ ነበር የታዘዙት።

ሰኞ ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ አለቆቹ አቶ ሰይፉ ቢሮ ይሰበሰባሉ። እስከዚያ መጠበቅ ነበረብኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠዋት ረጅም ጠዋት አላየሁም። ሰዓቱ ሲደርስ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

"ዶክተሯ፣ ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ጋሽ በቀለ እጃቸውን እየታጠቡ። ሳይጠየቁ ነው የታጠቡት።

"የእናቴ ነው። ለበዓሉ።"

ከምድር ቤት የቀዳሁትን በማሰሮ አድርጌ ከብርጭቆዎቹ ጋር አቀረብኩ። ምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ሦስቱም በሉ፤ ጠጡም። ጋሽ በቀለ ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሳቸው ቀዱ። የሽያጩ ኃላፊ ወደ ማሰሮው ውስጥ አጎንብሰው አዩ። በመጨረሻ ጋሽ በቀለ ጣታቸውን እየላሱ "ከየትኛው በርሜል ነው ያመጣሽው? እኔ ሳላውቀው እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ?" አሉ።

ጊዜው ደረሰ።

"ጎምዜ ነው" አልኩ።

ጋሽ በቀለ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "አንቺ ልጅ፣ በእኛ ትቀልጃለሽ?"

"አልቀለድኩም፣ ጋሼ።" ወረቀቱን አወጣሁ። ቀኖቹን አነበብኩ። መጋቢት፤ መጋቢት፤ የካቲት መጨረሻ፤ መጋቢት። "ሁሉም ጾም ላይ ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት፤ በባዶ ሆድ። የላይኞቹን የምንቀምሰው ከጥብስ ጋር ነው። እኔም ፈርሜያለሁ። ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት ኦቦ ከድር ናቸው። ንገሪያቸው ብለውኝ ሳልነግራችሁ ቀረሁ።"

በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት። አቶ ሰይፉ ብርጭቆውን አንስተው ለብቻው ቀመሱት። ከዚያ እንደገና ከወጡ ጋር። ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት የፈረድነው ወይኑ ላይ አይደለም" አሉ። "ሆዳችን ላይ ነው።"

ጋሽ በቀለ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ጠረጴዛው ተነቃነቀ። "የንስሐ አባቴ ይህን ቢሰሙ!" አሉ። "ኧረ በሉ፣ ሰዎቹ እየነቀሉ አይደል እንዴ?"

የሮጥኩት እኔ ነኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሮጬ አላውቅም ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ አንዱ ጫማዬ ወለቀ። "ቁሙ! ቁሙ! ባስታ!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም።

ሠራተኞቹ ዶማቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። ግማሽ ቀን ሙሉ የተነቀሉት ሁለት ግንዶች ብቻ ነበሩ። ኦቦ ከድር "አፈሩ ጠንክሯል፣ ፒያኖ" እያሉ፣ ሽቦውን መጀመሪያ እየጠቀለሉ፣ ሲሰግዱ እየቆዩ፣ እየጎተቱት ነበር። የሁለቱን ግንዶች ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ አስተኝተዋቸዋል።

"ቀረ" አልኳቸው። "አይነቀልም። ቀመሱት። ከዶሮ ጋር ቀመሱት።"

ኦቦ ከድር አልጮሁም፤ አልሳቁምም። ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ያን ካፖርት ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም። አጥፈው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ በቀስታ። ለሠራተኞቹ በኦሮምኛ ሄዳችሁ ብሉ አሏቸው። ከእነሱ አንዱ የወለቀውን ጫማዬን አምጥቶልኝ ሄደ።

ብቻችንን ስንቀር "በሰዓቱ ስላልነገርኳቸው ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ነግረሻል እኮ።"

"ዘግይቼ ነው።"

"እሷስ መቼ በጊዜ ደርሳ ታውቃለች?" ወደ ጎምዜ በአገጫቸው አሳዩ። ከዚያ በፊታቸው ላይ አይቼው የማላውቀው ዓይናፋርነት መጣ። "አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምን ይመስላል?"

"ምኑ?"

"ጣዕሙ። እኔ እንደሆነ ዶሯችሁንም አልበላ፣ እሱንም አልቀምስ። ንገሪኝ።"

ያቺን ወይን ያዳኗት ሁለት ነገሮች፣ ሁለቱም ለእሳቸው አይሆኑም። እዚያ ድንጋይ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ አሰብኩ። በትምህርት የማውቃቸው ቃላት ነበሩኝ፤ አንዱም ለእሳቸው የሚሆን አልነበረም። ኦቦ ከድርም ጠበቁኝ፤ ያን ቀን ዘር እንድተፋ ፊታቸውን አዙረው እንደጠበቁኝ።

"አጋም ያውቃሉ?" አልኩ።

"አጋም የማያውቅ ልጅ አለ?"

"አጋም ሳይበስል አፍ ያጨማድዳል። ጨርሶ ሲጠቁር ግን፣ ጠዋት ጤዛው ላዩ ላይ እያለ ከእሾሁ መሃል ሲለቅሙት፣ መጀመሪያ ቆንጠጥ ያደርግና ከዚያ ይጣፍጣል። ከዋጡት በኋላም ጣዕሙ አይሄድም። እንደዚያ ነው። ከሥሩ ደግሞ መሬቱ አለ፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲመታው የሚሸተው። መጨረሻ ላይ ትንሽ ገብስ ቆሎ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙኝ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"አጋም" አሉ። "ፍሬዋም እንደዚያ ትል ነበር።" ተነስተው ካፖርታቸውን ለበሱና ሽቦውን መልሰው መዘርጋት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ጎምዜ የምትቀመሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔም ከዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሌላ ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። አንዳንዴ በጅማ መንገድ ሳልፍ ከአውቶቡሱ መስኮት የታችኛውን ረድፍ እመለከት ነበር፤ ነጭ ቆብ በቅጠሎቹ መካከል ይታየኝ ነበር።

ከጋሽ በቀለ ስልክ በኋላ ባለው እሑድ ለቅሶ ለመድረስ ሰበታ ወረድኩ። የኦቦ ከድርን ቤት አላውቀውም፤ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። በሩ ላይ ባለቤታቸው ቆመው ነበር፤ አጭር፣ ፊታቸው ክብ የሆነ ሴት። ማን እንደሆንኩ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሳቸው ቀድመውኝ እጄን ያዙኝ።

"የአጋሟ ልጅ አንቺ ነሽ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እንግዳ በመጣ ቁጥር ነበር የሚያወራው። 'አጋም ነው አለችኝ፤ ከሥሩ ዝናብ አለበት አለችኝ' እያለ። ወይን ጠጅ የቀመሰ እስኪመስል ድረስ! ኧረ ሰው ምን ይለናል ስለው ይስቃል።" እሳቸውም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

ያኔ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉት ሁለቱ ግንዶች እዚያ ተተክለዋል። አጥሩን ሙሉ ለብሰውታል፤ በቅጠሉ መሃል ጥቋቁር ዘለላዎች ተንጠልጥለዋል። ጥር መጨረሻ ነበር። ሴትዮዋ ወደ ለቀስተኞቹ ሲመለሱ ብቻዬን ቀረሁ። የአንዱን ግንድ አንገት በእጄ ጀርባ ነካሁት። አንድ ፍሬ ቀጠፍኩ፤ ከነልጣጩ አኘክኩት፤ ዘሩን ሰበርኩ፤ እጄ ላይ ተፍቼ አየሁት።

ደርሶ ነበር።